የሸክላ ኤሌክትሪክ ምጣድ፦ ከመብራቱ በፊት ጤፉን አስሉ

ወጪ ለመቀነስ ብሎ ቤት መጋገር የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ምጣዱ ስንት መብራት ይበላል?" ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የሚቀድም አለ። በዛሬው ገበያ የአንድ ኪሎ ጤፍ ዋጋ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት ዋጋ ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ጥሩና መጥፎ ምጣድ የሚለዩት ቆጣሪው ላይ ሳይሆን ሊጡ ላይ ነው። እዚህ የሚገመገመው በየሰፈሩ ሱቅና በመርካቶ የሚሸጠው፣ በአገር ውስጥ ባለሙያዎች የሚሠራው፣ ከላይ ሸክላ ከሥር የማሞቂያ ሽቦ ያለው ክብ ምጣድ ነው። በውጭ አገር የሚጠቀሙበት የአሉሚኒየም ምጣድ ወደ መጨረሻው ይመጣል።

ሥራው ቀላል ነው። 58 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሸክላ ከሥሩ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የሚዞር ቦይ ይወጣለታል። በቦዩ ውስጥ የተጠመዘዘው ሽቦ (ሬዚስታንስ የሚሉት) ይዘረጋና በጄሶ ይሸፈናል፤ ሁሉም በላሜራ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ በእግር ይቆማል። አብዛኛዎቹ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባሉ። ሙቀት መቆጣጠሪያ የላቸውም፤ ወይ ይሠራሉ ወይ ይጠፋሉ። ሙቀቱን የምትቆጣጠረው ጋጋሪዋ ናት።

ወደ ሒሳቡ እንሂድ። ቀዝቃዛ ሸክላ ለመጋገር እስኪደርስ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል እንበል። በ3.5 ኪሎዋት ይህ 1.17 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ አንድም እንጀራ ሳይወጣ የተከፈለ። ከዚያ ማሰሱን፣ ሊጡን ማፍሰሱን፣ መክደኑንና ማውጣቱን ጨምሮ አንድ እንጀራ 3 ደቂቃ ይፈጃል፤ ይህም 0.175 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። አምስት እንጀራ ብቻ ለጋገረ ሰው እያንዳንዱ እንጀራ 0.41 ኪሎዋት ሰዓት ይደርስበታል። አሥር ከሆነ 0.29፣ ሠላሳ ከሆነ 0.21። በሳምንት አንድ ጊዜ ሠላሳ የሚጋግር ቤት በአራት ሳምንት ወደ 26 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ስለሆነ፣ የወሩ ፍጆታችሁ እርከኑ ጫፍ ላይ ከሆነ ይህች 26 ወደሚቀጥለው ልትገፋችሁ ትችላለች። ሒሳቡን ስትሠሩ አሁን የምትከፍሉበትን እርከን ብቻ ሳይሆን ምጣዱ የሚያደርሳችሁንም ተመልከቱ።

አሁን ጤፉን አስገቡ። በትልቅ ምጣድ ከአንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት በአብዛኛው አምስት ወይም ስድስት እንጀራ ይወጣል፤ ስስ አድርጎ ለሚጋግር ትንሽ ይበልጣል። ሙቀቱ ያልተስተካከለ ምጣድ በየጋገራው ሁለት እንጀራ ያበላሻል እንበል፤ አንዱ መሀሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፣ ሌላው ጠርዙ ደርቆ ይሰበራል። በሳምንት አንዴ ቢጋገር በዓመት 104 እንጀራ ማለት ነው፤ ወደ 19 ኪሎ ጤፍ። ይህን በሰፈራችሁ የወፍጮ ቤት ዋጋ አባዙትና በርካሹና በደህናው ምጣድ መካከል ካለው የዋጋ ልዩነት ጋር አስተያዩት። ብዙ ጊዜ ርካሹ ምጣድ በመጀመሪያው ዓመት ውድ ሆኖ ይገኛል። የተበላሸው እንጀራ ፍርፍር ወይም ድርቆሽ ይሆናል የሚል አለ። እውነት ነው፣ ግን በየሳምንቱ ተገዶ ፍርፍር የሚበላ ቤት ቁጠባ ላይ ነው ማለት ይከብዳል።

ስለዚህ ገንዘባችሁን ሸክላው ላይ አውሉት። የሚያብረቀርቅ ላሜራ፣ ቀለም የተቀባ እግር፣ ቀይ መብራት ያለው ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሁሉም ዋጋ ይጨምራሉ፤ እንጀራውን ግን አይነኩትም።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

ሸክላውን በጣት አጥንት አንኳኩት። ጤነኛ ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የደነዘዘ፣ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ አለ ማለት ነው። በተለያየ ቦታ አምስት ስድስት ጊዜ ይመታ፤ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከጠርዝ ስለሚጀምር ጠርዙ አይዘለል። ቀጥሎ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ወይም እንጨት በመሀሉ አጋድሙና ከሥሩ ብርሃን የሚያልፍበትን ቦታ እዩ። መሀሉ የጎደጎደ ምጣድ ሊጥ ያጠራቅማል፤ እንጀራው መሀሉ ወፍራም፣ ዳሩ ስስ ይሆናል። ምንም ያህል እጅ ቢኖራችሁ ይህን በማዞር አታስተካክሉትም።

ሁለተኛው ፍተሻ ቴስተር ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነ ዘመድ ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ፤ ቴስተር ያለው ሻጭም አይጠፋም። ምጣዱ ከመብራት ተነቅሎ የስፒናው ሁለት እግሮች ላይ ኦም (ሽቦው ለመብራት ያለው መቋቋም) ይለካል። በ220 ቮልት 3.5 ኪሎዋት የሚሰጥ ሽቦ 14 ኦም አካባቢ ያሳያል። 16 ከሆነ ምጣዱ 3 ኪሎዋት ነው፤ ይጋግራል፣ ግን ዘገምተኛ ነው። 20 ካሳየ 2.4 ኪሎዋት ነው፤ ለ60 ሳንቲ ሜትር ሸክላ አይበቃም፤ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል። 10 ካሳየ ደግሞ 4.8 ኪሎዋት ስለሚስብ ሻጩ "በጣም ፈጣን ነው" ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ ሽቦውን ለማቃጠልም ፈጣን ነው፣ የቤታችሁን መስመር ለማቅለጥም።

ከዚያው ጋር አንዱን የቴስተር ጫፍ በስፒናው አንድ እግር፣ ሌላውን በላሜራው ላይ አድርጉ። ምንም ማሳየት የለበትም። ካሳየ ሽቦው አካሉን ነክቷል፤ ይነዝራል፤ ጥላችሁት ውጡ። የመሬት ሽቦ የሌለው ባለ ሁለት እግር ስፒና ካለውም በሦስት እግር እንዲቀየር፣ ሦስተኛው ሽቦም ከላሜራው ጋር በቡሎን እንዲታሰር ጠይቁ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ብዙ ሠሪዎች የሚዘሉት ማንም ስለማይጠይቃቸው ነው።

ሦስተኛው ሙቀቱ ነው። ሻጩ ምጣዱን እንዲያበራላችሁ ጠይቁ። ሲግል ዱቄት በስሱ ከላይ እስከ ታች ነስንሱና ቀለሙን ተከታተሉ። በአንድ ጊዜ ሁሉም ቦታ ወርቃማ ከሆነ ሽቦው እኩል ተዘርግቷል። አንድ ጎን ጠቁሮ ሌላው ነጭ ከቀረ፣ ቦዩ ሲወጣ ዙሮቹ ተራርቀዋል፤ በኋላ ማስተካከያ የለውም። ብዙ የሚታየው ጉድለት መሀሉ ላይ ነው፤ ሽቦው ከመሀል አራት አምስት ጣት ርቆ ስለሚጀምር እንጀራው መሀሉ ላይ የፈዘዘ ክብ ይዞ ይወጣል። በዚሁ ጊዜ እጃችሁን ከላሜራው ሥር አስጠጉ። ከሥር የሚወጣው ሙቀት እጅ የማያስጠጋ ከሆነ ጄሶው ስስ ነው፤ የከፈላችሁበት ሙቀት ወለሉን እያሞቀ ነው።

ክዳኑን ለየብቻ ገምግሙት። ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ክዳን እንፋሎቱን ወደ ጠብታ ለውጦ እንጀራው ላይ መልሶ ያንጠባጥባል፤ ነጠብጣቡ የወደቀበት ቦታ ይላቁጣል። ወደ ላይ ሾጠጥ ያለው፣ የድሮውን አክምባሎ ቅርጽ የያዘው፣ ጠብታውን ወደ ዳር ያወርደዋል። ዳሩ ከሸክላው ጋር መግጠም አለበት፤ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ እንፋሎቱ በዚያ ይወጣና እንጀራው ከላይ ይደርቃል። ምጣዱ ጥሩ ሆኖ ክዳኑ ብቻ መጥፎ ከሆነ ክዳን ለብቻው ይሸጣል፤ ከዚህ የሚረክስ ማሻሻያ የለም።

መስመሩ

3.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው፤ ለተራ ሶኬት የመጨረሻው ጫፍ። ያውም ለሁለት ሰዓት ያለ ዕረፍት። ምጣድ ከማከፋፈያ ወይም ከኤክስቴንሽን ጋር አይቀጠልም። ትክክለኛው አሠራር ከብሬከር ሳጥኑ በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ለብቻው የተሳበ መስመርና የራሱ 20 አምፔር ብሬከር ነው። ስፒናው ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ሶኬቱ ከጠቆረ ወይም የላስቲክ ሽታ ካለ የላላ ቦታ አለ። የላላ ግንኙነት ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይበልጥ ይላላል። ብሬከሩ እየጣለ ካስቸገረ ተለቅ ባለ ብሬከር መቀየር እሳት መጥራት ነው፤ መጀመሪያ ሽቦው ይቀየር።

በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። ለአከራይ መስመር መዘርጋት ገንዘብ መጣል ይመስላል። ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ሳይቀበር በላይ በላይ በክሊፕ ከተያዘ ሲለቁ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ብሬከሩንም እንዲሁ።

የቮልቴጅ መውረድም አለ፤ ብዙዎች ምጣዱን የሚወቅሱበት። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ጉልበቱ በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል፤ 3.5 የነበረው ምጣድ 2.3 ኪሎዋት ይሆናል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበስልና በተለይ በበዓል ዋዜማ የሚሆነው ይኸው ነው። ሊጡም ጋጋሪዋም ሳያጠፉ እንጀራው ዓይን አልባ ይወጣል። ማለዳ ወይም እኩለ ቀን ላይ መጋገር ጊዜም ጤፍም ያተርፋል።

ማሟሸት

አዲስ ሸክላ እርጥበት ይዟል። ተሰክቶ ወዲያው እስኪግል ከተተወ እርጥበቱ እንፋሎት ሆኖ ሲወጣ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ 10 ደቂቃ አሙቁትና አጥፍታችሁ ፈጽሞ እስኪበርድ ተዉት። ቀጥሎ 15 ደቂቃ፣ እንደገና ማብረድ። በሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ሲግል የተወቀጠ ጎመን ዘር በትኑና በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጭሱ እስኪቀንስ እሹት። ሦስት አራት ጊዜ ሲደገም ፊቱ ጠቁሮ መለስለስና ማብረቅ ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እንጀራዎች ለምጣዱ ማሟሻ ናቸው፤ ከዋናው ሊጥ ሳይሆን ለዚሁ ተብሎ ከተቦካ ርካሽ እህል ቢሆኑ ይሻላል።

ዘይት ይሻላል የሚሉ አሉ። ፈሳሽ ዘይት በብዛት ሲፈስ ሸክላው ይመጠውና እንጀራው ለሳምንታት የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ጎመን ዘሩ ቅባቱን በጥቂቱ ስለሚለቅ ይበልጣል። በሳሙና ማጠብም አያስፈልግም፤ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። ውሃ ከፈሰሰበት በጠርዙ ወርዶ ጄሶው ውስጥ ይገባል፤ ሲበራም ይነዝራል። ሊጥ ሲፈስም ከዳሩ ሁለት ጣት ያህል መተው የሚመከረው ለዚሁ ነው።

ሲጋገር ምን ይበላሻል

እንጀራ ከተጣበቀ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ሸክላው ገና አልጋለም፣ ማሰሻው ቅባቱ አልቋል፣ ወይም ካለፈው የቀረ ፍርፋሪ ተቃጥሎ ቀርቷል። በቢላ መፋቅ ክልክል ነው፤ የተፋቀበት ቦታ ልስላሴው ስለሚነሳ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ያጣብቃል። ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ እንዲሉ ያቺን እንጀራ መሥዋዕት አድርጉ፤ ደርቃ ስትነሳ በጨርቅ ጥረጉና በጎመን ዘር አሹት።

ዓይን ካላወጣ ሁለት ነገር ለዩ። ሊጡን ስታፈሱ የ"ሽ" ድምፅ ከሌለ ሙቀቱ አንሷል። ድምፁ ኖሮ ዓይን ከሌለ ሊጡ ነው፤ ወይ ወፍሯል፣ ወይ አብሲቱ አላነሳውም። ከሥሩ ቶሎ የሚጠቁር ከሆነ ምጣዱ በጣም ግሏል፤ አንድ እንጀራ መብራት አጥፍቶ መጋገር ያስተካክለዋል። ይህች ማጥፋት በመጨረሻም ትጠቅማለች፦ ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች መብራት ጠፍቶ መጋገር ይቻላል። በዚያ ላይ የቀረውን ሙቀት ለቆሎ ወይም ለሽሮ እህል ማመስ የሚጠቀሙበት ብልሆች ናቸው።

ለማሞቂያ የሚወጣው መብራት እንዳይባክን ብሎ በአንድ ጊዜ ብዙ መጋገር ግን ወሰን አለው። ሠላሳውን በአንዴ ከመጋገር ይልቅ አሥራ አምስት አሥራ አምስት አድርጎ በሁለት ጊዜ መጋገር የሚጨምረው አንድ ማሞቂያ ነው፤ 1.17 ኪሎዋት ሰዓት። አራት እንጀራ ሻግቶ ከተጣለ የሄደው ወደ 700 ግራም ጤፍ ነው። የትኛው እንደሚከብድ ግልጽ ነው። እንጀራ ከሦስት አራት ቀን በላይ የማይቆይበት ቤት ሁለት ጊዜ ይጋግር። ሳይበርድ የተደራረበ እንጀራ ደግሞ ከዚያም በፊት ይሻግታል፤ እያንዳንዱ ሰፌድ ላይ እንፋሎቱን ከጨረሰ በኋላ ወደ መሶብ ይግባ።

ሁለቱንም ያስታረቀ ዘዴ ጎረቤታሞች ተራ ይዘው በአንድ የጋለ ምጣድ መጋገራቸው ነው። አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ትቀጥላለች፤ ማሞቂያው ለሁለት ይካፈላል። መብራቱ በተራ ካልተዞረ ግን ባለ ምጣዷ ትማረራለች፤ ስለዚህ አንድ ሳምንት በአንዷ ቆጣሪ፣ ቀጣዩ በሌላዋ ይሁን፣ ወይም በእንጀራ ቁጥር ይታሰብ። ከላይ ያለው 0.21 ለዚህ ይጠቅማል።

ጥገና

ሽቦ ሲበጠስ ብዙ ጠጋኝ ሁለቱን ጫፍ ጎትቶ ይጠመዝዛቸዋል። ርካሽ ነው፣ ግን ሽቦው አጥሯል። አንድ አሥረኛው ከተቆረጠ ከ14 ኦም ወደ 12.5 ይወርዳል፤ ምጣዱም ወደ 3.9 ኪሎዋት ይወጣል፤ የተጠመዘዘው ቦታ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይግላል። ቀጣዩ መበጠስ እዚያው አጠገብ ይሆናል፣ ሁለት ሦስት ወር ሳይቆይ። ሙሉ ሽቦ ማስቀየር ከተደጋጋሚ ጥገና ይረክሳል። ሲቀየር ቆማችሁ እዩ፣ ኦሙን አስለኩ፣ ጄሶው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አታብሩት። ሸክላውም ቢሰነጠቅ ምጣዱ አልሞተም፤ ሸክላ ለብቻው ገዝቶ የድሮውን ላሜራና እግር መጠቀም ይቻላል።

ለማን ይሆናል?

በሳምንት አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ እንጀራ ለሚበላ ቤት፣ መስመሩም ካለ፣ ይገዛ። ብቻውን ለሚኖርና በቀን አንድ እንጀራ ለሚበቃው ሰው አይመከርም፤ ሰባት እንጀራ ለመጋገር 20 ደቂቃ ማሞቅ፣ ሊጥ ማቡካትና ዕቃ ማጠብ ከሚያተርፈው ይበልጣል። እርሱ ከጎረቤት ጋር ይካፈል፣ ወይም ከሚያምናት ጋጋሪ ይግዛ።

በውጭ ለሚኖሩ ነገሩ ይለያል። ይህን ምጣድ በሻንጣ ጭኖ አሜሪካ መውሰድ ትርፉ ድካም ነው፤ በ120 ቮልት ጉልበቱ ከአንድ ሦስተኛ በታች ይወርድና 1 ኪሎዋት አካባቢ ይቀራል፤ አይጋግርም። እዚያ ብዙ ሐበሻ የሚጠቀመው 16 ኢንች፣ ማለትም 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ምጣድ ነው። ከታወቁት አንዱ በአይዋ ግዛት በክሬስኮ ከተማ ያለው ቤታኒ ሃውስዌርስ ለኖርዌጂያኖች ሌፍሴ፣ ማለትም ለስስ የድንች ቂጣ የሚሠራው ነው፤ ለእንጀራ የታሰበ ባይሆንም እስከ 500 ፋራናይት ስለሚደርስ ይሆናል። ሙቀት መቆጣጠሪያ አለው፣ በተራ ሶኬት ይሠራል፣ ቶሎም ይግላል። ጉድለቱ እንደ ሸክላ ሙቀት አለመያዙ ነው፤ ሊጡ ሲፈስበት ይቀዘቅዛል፣ በእያንዳንዱ እንጀራ መካከል እስኪያገግም መጠበቅ ያስፈልጋል። እንጀራውም ትንሽ ስለሆነ የአገር ቤቱን አንዱን ለመተካት ሁለት ይፈልጋል።

በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በአብዛኛው የባሕረ ሰላጤ አገር ቮልቴጁ ስለሚቀራረብ የሸክላው ምጣድ ይሠራል፤ በ230 ቮልት እንዲያውም ወደ 3.8 ኪሎዋት ይወጣል፣ 16.5 አምፔር ገደማ ይስባል። ይህ ከአውሮፓና ከእስራኤል ባለ 16 አምፔር ሶኬት በትንሹ ያልፋል። የእንግሊዝ ዓይነት ስፒና በሚጠቀሙት አገሮች ደግሞ ስፒናው ውስጥ ያለችው ፊውዝ 13 አምፔር ብቻ ስለሆነች ከአቅሟ በላይ ትጫናለች፤ ስፒናውም ከመጠን በላይ ሊግል ይችላል። እዚያ ምጣዱ የሚገባው ለኤሌክትሪክ ምድጃ በተዘረጋው መስመር ላይ፣ በባለሙያ ተገናኝቶ ነው።